«ክፍል ሁለት» የደንበኛው ነው ወይስ የከፋዩ?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ዊ ዩ ስለተባለው አዲሱ የጌም ማሽን መግለጫ ሲሰጥ ማንም ያልጠበቀውን ስም ጠራ። ስሙ «ባዮኔታ 2» ነበር። ጌሙ በዊ ዩ ብቻ እንደሚወጣ ሲሰማ የቪዲዮ ጌም ወዳጆች መንደር ታመሰ። ክፍል አንድን በሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 እና በማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ገዝተው የተጫወቱት ደንበኞች፣ ያሳደጉት ልጅ ሳይጠየቁ የተዳረባቸው ያህል ተቆጡ። ወደ እኛም ማሽን ይዛወር ብለው ፊርማ ያሰባሰቡ ነበሩ። የኒንቴንዶ ደንበኞች ደግሞ ኒንቴንዶ ባይደርስለት ጌሙ ጭራሽ አይወለድም ነበር ሲሉ መለሱ።

ጭቅጭቁ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ነው። ሸቀጡን ያስወደደው ደንበኛ፣ ስሙን የያዘው ባለንብረት እና ገንዘቡን ያወጣው ባለሀብት ሲለያዩ፣ ዕቃው የትኛው ገበያ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጌሞችን እያነጻጸርን ነገሩን እንመለከታለን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አጥር ያለው ገበያ

ለጌም ዓለም እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩን በእኛው የገበያ ቋንቋ ብናስረዳው ይሻላል። የጌም ማሽን ማለት ባለቤቱ ዙሪያውን ያጠረው የገበያ ቦታ ነው። ጌም ሠሪው ሸቀጡን እዚያ ውስጥ ለመሸጥ ከባለ ማሽኑ ፈቃድ ያወጣል፤ ሸቀጡ ይፈተሻል፤ ከሽያጩም ላይ እንደ ኮቴ ያለ ድርሻ ይከፈላል። ለአንዱ ማሽን የተሠራ ጌም በሌላው ማሽን ላይ አይሠራም።

ስለዚህ የባለ ማሽኑ ዋና ጭንቀት ሰው ወደ አጥሩ እንዲገባለት ነው። ሰው የሚገባው ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕቃ ሲኖር ነው። «በእኛ ማሽን ብቻ» የሚባለው ጌም በራሱ ከሚያመጣው ትርፍ ይልቅ ደንበኛ የሚጎትትበት ገመድነቱ ይበልጣል። የጌም ሠሪው ፍላጎት ግን ተቃራኒ ነው። አንዴ ገንዘብና ጉልበት ያፈሰሰበትን ሥራ በተቻለው ገበያ ሁሉ ቢዘረጋው ይወዳል። ሁለቱ የሚስማሙት ባለ ማሽኑ ለጌም ሠሪው የሌላውን ገበያ ኪሣራ የሚክስ ነገር ሲሰጠው ብቻ ነው። ሳይሰጠው የተገባ ቃል ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የመጀመሪያው ታሪካችን ያሳያል።

የታጠፈው ቃል

መቀመጫው ኦሳካ የሆነው ካፕኮም «ሬዚደንት ኢቭል» የተባለውን አስፈሪ ጌም በ1996 ያወጣው በሶኒ ፕሌይስቴሽን ነበር። ጌሙ ስም ያወጣውም እዚያ ነው። በ2001 ግን ካፕኮም ፊቱን ወደ ኒንቴንዶ አዞረ፤ የጌሙ ዋና ዋና ተከታዮች ጌምኪዩብ በተባለው የኒንቴንዶ ማሽን ብቻ እንደሚወጡ አስታወቀ። የጌሙ አባት የሚባለው ሺንጂ ሚካሚ፣ ክፍል አራት ወደ ሌላ ማሽን ከሄደ አንገቴን እቆርጣለሁ እስከ ማለት መድረሱ በጌም ወዳጆች ዘንድ ዛሬም ይወራል።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። ሆኖም ካፕኮምን ሌላ ዕዳ ይጎትተው ነበር፤ የገበያው ስፋት። ጌምኪዩብ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በመላው ዓለም የተሸጠው ወደ 21.7 ሚሊዮን ነው። ተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። አንድ ለሰባት መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች በጨዋታ እያስከፈሉ የሚያጫውቱ ቤቶች «ፕሌይስቴሽን ቤት» ተብለው መጠራታቸው ራሱ የትኛው ገበያ እንደሰፋ ይመሰክራል።

በ2004 መጨረሻ ላይ የሆነው ሆነ። ሬዚደንት ኢቭል 4 ገና በጌምኪዩብ ሳይወጣ፣ ካፕኮም በፕሌይስቴሽን 2ም እንደሚያወጣው አስታወቀ። የጌምኪዩቡ ቅጂ በጃንዋሪ 2005 ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ፤ የፕሌይስቴሽኑ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ተከተለ። ኋላ የመጣው ደግሞ በመጀመሪያው ያልነበረ ተጨማሪ ምዕራፍ ይዞ መጣ። ለዚህ አንድ ጌም ሲል ጌምኪዩብ የገዛ ሰው፣ ዘጠኝ ወር ቀድሞ በመጫወቱ ያገኘው ጥቅም ያነሰውን ቅጂ መያዝ ሆነ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ካፕኮም በሚያወጣው የሽያጭ ዝርዝር መሠረት የጌምኪዩቡ ቅጂ 1.6 ሚሊዮን፣ የፕሌይስቴሽን 2ቱ ደግሞ 2.3 ሚሊዮን ተሸጧል። ቁጥሩን ለሚመረምር ነጋዴ ሁለት ቁም ነገር አለው። አንደኛ፣ ከጌምኪዩብ ባለቤቶች ከ14ቱ አንዱ ያህል ጌሙን ሲገዛ፣ ከፕሌይስቴሽን 2 ባለቤቶች የገዛው ከ65ቱ አንዱ እንኳ አይሞላም። በትንሽ ገበያ ያለ ደንበኛ ዕቃውን እንደ ብርቅ ያያል፤ በትልቁ ገበያ ዕቃው ከብዙ ዕቃ መሐል አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህም ሆኖ የብዙኃኑ ገበያ አሸነፈ። ካፕኮም በቃሉ ቢጸና ኖሮ ያ 2.3 ሚሊዮን ቅጂ አይሸጥም ነበር። የታማኝ ደንበኛ ቅሬታ በአንድ በኩል፣ ሽያጭን ከእጥፍ በላይ የማሳደግ ዕድል በሌላ በኩል ሲመዘኑ የትኛው እንደከበደ ውጤቱ ተናግሯል።

ለመሆኑ ካፕኮም ይህን ማድረግ እንዴት ቻለ? ጌሙ የራሱ ስለነበረ ነው። ስሙም የእርሱ፣ ኪሣራው ቢመጣም የእርሱ። ኒንቴንዶ የያዘው ቃል ነው እንጂ ጌሙን አልነበረም።

360 ዶላር ለአንድ ጌም

የባዮኔታ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ጌሙን የሠራው ፕላቲነም ጌምስ፣ ካፕኮምን ለቀው በወጡ ባለሙያዎች የተቋቋመ የኦሳካ ድርጅት ነው። ክፍል አንድን በ2009 በጃፓን፣ በ2010 መጀመሪያ በሌላው ዓለም ያሳተመው ሴጋ ነበር። ገንዘቡም ስሙም የሴጋ ስለነበር ጌሙ በሶኒም በማይክሮሶፍትም ማሽን ወጣ።

ክፍል ሁለትም በሴጋ ሥር ለብዙ ማሽኖች ተጀምሮ፣ በሴጋ በኩል በተፈጠረ ሁኔታ መሐል መንገድ ላይ መቆሙን የባዮኔታ ፈጣሪ ሂዴኪ ካሚያ በኋላ አብራርቷል። ኒንቴንዶ የገባው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡን አወጣ፣ ሥራው ቀጠለ፣ ጌሙም በ2014 በዊ ዩ ወጣ። ለምን ወደ ሌላ ማሽን አይዛወርም እያሉ ለወተወቱት ሁሉ የካሚያ መልስ ጌሙ ያለ ኒንቴንዶ ገንዘብ እንደማይኖርና ጥያቄውም ለባለመብቶቹ መቅረብ እንዳለበት የሚያመለክት ነበር።

የደንበኛው ብሶት ግን መሠረት የሌለው አልነበረም። ዊ ዩ በ2012 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ርካሹ ዓይነት 300 ዶላር ያህል ነበር። የአንድ ጌም ዋጋ ደግሞ ያኔ 60 ዶላር ነበር። ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ቀድሞ ለገዛ ሰው ክፍል ሁለትን መጫወት ማለት በዚያ ሒሳብ 360 ዶላር ማውጣት ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን አላደረገም። ዊ ዩ በዕድሜው ሁሉ የተሸጠው 13.5 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ሐያሲያን እጅግ ያመሰገኑት ጌም፣ ገዢ በሌለበት አጥር ውስጥ ቀረ።

ኒንቴንዶ ራሱ መውጫውን ያገኘው በ2018 ነው። ጌሙን ስዊች ወደተባለው፣ እጅግ ወደተሸጠው አዲሱ ማሽኑ አዛወረው። ከግራ ኪሱ አውጥቶ ወደ ቀኝ ኪሱ አስገባ ማለት ይቀላል። በአንጻሩ ሴጋ በራሱ ገንዘብ ያሠራው ክፍል አንድ በ2017 ለኮምፒዩተር፣ በ2020 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ወጥቷል። ጀግናዋ አንድ፣ ሠሪዎቹም አንድ። ልዩነቱ የማን ኪስ እንደተከፈተ ብቻ ነው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው ተረት፣ ገንዘቡ የሌለው ሰው መንገዱን እንደማይመርጥም ያስታውሳል።

ማዛወር መቅዳት አይደለም

ወዳጆች «ይዛወርልን» ሲሉ የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ሥራው ካሴት እንደ መቅዳት አይደለም። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ አንጎልና የራሱ የምሥል አሠራር አለው፤ ጌሙ ለአዲሱ ማሽን በከፊል እንደገና ይጻፋል፣ ይሞከራል፣ በባለ ማሽኑ እንደገና ይፈተሻል።

ሬዚደንት ኢቭል 4 ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ሲሄድ የምሥሉ ጥራት ዝቅ እንዲል ተደርጓል። በጌምኪዩብ ላይ ማሽኑ ራሱ እዚያው ይሥላቸው የነበሩ የታሪክ ትዕይንቶችም ቀድመው በተቀረጹ ፊልሞች ተተኩ። ክፍል አንድ ባዮኔታ ደግሞ የባሰ ገጠመው። ፕላቲነም ጌምስ የሠራው የኤክስቦክስ 360ውን ቅጂ ሲሆን፣ የፕሌይስቴሽን 3ቱ የተዘጋጀው በሴጋ በኩል በሌላ እጅ ነው። ውጤቱም ምሥሉ የሚንገዳገድ፣ በየመሐሉ የሚያስጠብቅ ጌም ሆነ። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ያነሰ ዕቃ የተቀበለው የሶኒ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ወደ እኛ ይምጣ ከማለት ጋር ማን ያምጣው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ለባለሀብቱ የሚተርፈው

ታዲያ የወዳጆች ጩኸት ከንቱ ነው? አይደለም። ደላላ እንደሚያውቀው፣ ቤቱን የሚወደው ተከራይ ቢሆንም የሚሸጠው ባለቤቱ ነው። ነገር ግን ተከራይ የሚሻማበት ቤት ዋጋው ይወጣል። የወዳጆች ፊርማና ክርክር ለሻጩ ገዢ የት እንዳለ የሚያሳይ ነጻ የገበያ ጥናት ነው። ካፕኮም በ2004 ያደመጠው ይህን ነው። ጩኸቱ ማድረግ የማይችለው የሥራውን ወጪ መሸፈንና የሌላውን መብት መግፈፍ ብቻ ነው።

ብቸኛ ወኪልነት ለሚዋዋል፣ በሌላ ሰው ስም ላይ ገንዘብ ለሚያፈስ ወይም «በእኛ ብቻ» የሚል ዕቃ ለሚገዛ ሰው ከሁለቱ ታሪኮች ሦስት ጥያቄ ይቀራል። ወጪውን የሸፈነው ማን ነው? ስሙ የማን ነው? በአጥሩ ውስጥስ ስንት ገዢ አለ? ጌምኪዩብ የገዙት ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አልጠየቁም፤ የአለቃ ቃል ይበቃል ብለው ነበር። ኒንቴንዶ ደግሞ ሁለቱን በገንዘቡ መልሶ፣ ሦስተኛው ላይ ስድስት ዓመት ያህል ተቀጣ።

ዛሬ ሬዚደንት ኢቭል 4 ያልደረሰበትን ማሽን መቁጠር ይቀላል። ኮምፒዩተር፣ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ፣ የኒንቴንዶም ማሽኖች ሁሉ አስተናግደውታል፤ በ2023 እንደ አዲስ ተሠርቶም ወጥቷል። ባዮኔታ 2 ግን ከኒንቴንዶ አጥር አልወጣም። በ2012 በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ ባለቤቶች ስም የተሰባሰበው ፊርማ ምላሽ ሳያገኝ ቀርቷል።