የሆቴል ነጥብ መካነ ሰላም አይደርስም

ከወሎ ቦረና፣ ከወግዲ ወይም ከሳይንት ወጥቶ አሜሪካ የገባ ሰው ደመወዝ ማግኘት ሲጀምር የባንክ ፖስታ ይከታተለዋል። አንዱ ባንክ ካሽባክ (ከወጪ ላይ ተመላሽ ገንዘብ)፣ ሌላው የሆቴል ነጥብ የሚሰጥ ካርድ ውሰድ ይለዋል። ከመምረጡ በፊት ግን የካርዱን ባሕርይ ማወቅ አለበት።

አገር ቤት የለመድነው የኤቲኤም ካርድ የራሳችንን ገንዘብ ያወጣልናል። ክሬዲት ካርድ ዱቤ ነው። ባለሱቁ ደብተር ላይ እንደሚጽፍልን ዓይነት ሆኖ፣ ደብተሩን የሚይዘው ባንኩ ነው። ሻጩ ገንዘቡን ከባንኩ ሲቀበል ከሽያጩ 2 ወይም 3 በመቶ ገደማ ይቆረጥበታል። ለካርዱ ባለቤት ሽልማት ተብሎ የሚመለሰው በአብዛኛው ከዚሁ ተቆራጭና ዕዳቸውን በወቅቱ ካልከፈሉ ሰዎች ወለድ የሚወጣ ነው።

የሆቴል ድርጅቱ ማሪዮት የእንግዶቹን ነጥብ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983፣ ሒልተን ደግሞ በ1987 ነው። በመካከሉ፣ በ1986፣ ዲስከቨር የተባለው ካርድ ደንበኞቹ ካወጡት ላይ ጥሬ ገንዘብ እየመለሰ ገበያ ገባ። ሁለቱ መንገዶች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

እስቲ እናስላው። ለአስቤዛ፣ ለቤንዚንና ለልዩ ልዩ ወጪ በወር 1,500 ዶላር በካርድ የሚከፍል ቤተሰብ በዓመት 18,000 ዶላር ያወጣል። 2 በመቶ የሚመልስ ካርድ ከያዘ 360 ዶላር ያገኛል። የሆቴል ካርድ ይዞ በአማካይ በዶላር 4 ነጥብ ቢያገኝ 72,000 ነጥብ ይሰበስባል፤ የሒልተን ነጥብ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሳንቲም ገደማ ስለሚገመት እሱም ወደ 360 ዶላር ይጠጋል። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚወጣው ሲጠቀሙበት ነው፤ ዶላሩ የትም ይሠራል፣ ነጥቡ በዋናነት የሚሠራው በሰጠው ድርጅት ሆቴሎች ነው። የአንድ ሌሊት አልጋ ስንት ነጥብ እንደሚያስከፍል የሚወስነውም ያው ድርጅት ነው፤ ነገ ቢያስወድደው የሚከለክለው የለም።

አገር ቤት እነዚህ ስሞች ያሉት አዲስ አበባ ነው። ሒልተን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ፣ በማሪዮት ነጥብ የሚታደርበት ሸራተን ከ1998 ጀምሮ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ሐያት ሬጀንሲ ከ2019 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላሉ። የቦረና ሰው መንገድ ግን ገና አላለቀም። ደሴ ገብቶ በጉጉፍቱ ወደ አቀስታ፣ ከዚያም ወደ መካነ ሰላም ይቀጥላል። በዚያ መስመር ያለ ሆቴል የሚያውቀው ብርን ነው፤ ነጥብ ብሎ ነገር አይቀበልም።

አልጋ የሚያስፈልገው ሰው መኖሩም ያጠራጥራል። ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ወሎ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከአሥር ዓመት በኋላ የተመለሰ ልጅ ሻንጣውን ሆቴል አስቀምጦ ቢመጣ አክስቱ "ምን ብበድልህ ነው?" ብላ ማዘኗ አይቀርም። በቤቷ ታነጥፍለታለች፤ እሱም በምላሹ በግ ይገዛል፣ ስኳርና ቡና ይዞ ይገባል። ለዚህ የሚረዳው 360 ዶላሩ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ መንገዱ ወደ ደጋው የሚያደርሰው ሰው ካሽባኩን ይያዝ።

የሆቴል ካርድ ሰው የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ለሚያዘጋጀው የኳስ ውድድር ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰው አለ። ሥራው በየወሩ ሆቴል የሚያሳድረው፣ ሒሳቡንም አሠሪው የሚከፍልለት ሰው አለ። እነዚህ ነጥቡ ሳይሻግት ይጠቀሙበታል። ብዙዎቹ የሆቴል ካርዶች ዓመታዊ ክፍያ ስላላቸው ግን ክፍያው ከሚገኘው አልጋ ጋር መመዘን አለበት።

ከሁለቱም በላይ የሚያሳስበኝ ወለዱ ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ ያልፋል። 2 በመቶ ለማግኘት ብሎ ዕዳ የሚያንከባልል ሰው ያገኘውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሒሳቡ ከተላከ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን አለ፤ በዚያ ጊዜ ሙሉውን የከፈለ ሰው በገዛው ዕቃ ላይ ወለድ አይነካውም። ከወለድ መራቅ ሃይማኖታዊ ግዴታው የሆነ ሙስሊም የወሎ ሰው ግን ውሉ ራሱ የወለድ አንቀጽ ስላለበት፣ ከመፈረሙ በፊት የሚያምንበትን ዓሊም ቢጠይቅ ይሻላል።

ወደ አገር ቤት ሲመጡ ደግሞ ሁለት ነገር ይታወቅ። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ስለሚቆጠር ወለዱ ከዚያው ዕለት ይጀምራል፣ ካሽባክም የለውም። በካርዱ ሐዋላ መላክም ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደዚሁ ነው። ለእናት የሚላከው ገንዘብ ከባንክ ሒሳብ ቢወጣ ይሻላል። ብዙ ካርዶች ከአሜሪካ ውጭ በሚከፈል ሒሳብ ላይ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራሉ፤ ይህ 2 በመቶውን ካሽባክ ይበላዋል። ስለዚህ ከሚወሰዱት ካርዶች መካከል ይህ ክፍያ የሌለበት ተፈልጎ ይገኝ።

ገና በዲቪ የገባ ሰው የብድር ታሪክ ስለሌለው የሆቴሉን ካርድ ቢያመለክትም ብዙ ጊዜ አይሰጡትም። ለእሱ ያለው በር ጥቂት መቶ ዶላር አስይዞ የሚወሰደው ካርድ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ካሽባክ የሚሰጡ አሉ።