ወባ በወይና ደጋው፦ ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣው አደጋ

«ወባ የቆላ በሽታ ናት» የሚለው አስተሳሰብ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎቻችን ዘንድ እስከ ዛሬ ይሰማል። በእርግጥም የሐይቁ ዳርቻ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ክረምቱም ቀዝቃዛና ዝናባማ የሆነ ምድር ነው። ነገር ግን በ1950 ዓ.ም. ክረምት በአገራችን ተነሥቶ እስከ ቀጣዩ ዓመት የዘለቀው ወረርሽኝ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ተዛምቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመ፣ 150,000 ያህሉንም ለሞት እንደዳረገ ይገመታል።

ቅዝቃዜ በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ገዳዩ የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ 25 ዲግሪ ሲሆን ግን 12 ቀን ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ አየሩ ጥቂት ሞቅ ሲል አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የሐምሌና የነሐሴ ኃይለኛ ዶፍ እጮቹን ጠርጎ ይወስዳል፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ግን በከብት ኮቴና በጭቃ ማውጫ ጉድጓድ የተጠራቀመው ውኃ ይሞቅና መራቢያ ይሆናል። በሽታው ዘወትር በማይኖርበት አገር ያደገ ሰው ደግሞ ሰውነቱ አልተላመደምና ሕፃን አዋቂ ሳይል ይጠቃል።

ይህ ወቅት ከዘመነ ጽጌ ጋር ይገጥማል። ትንኟ የምትናከሰው በአብዛኛው በሌሊት ሲሆን፣ ካህናቱና ምእመናኑ በማኅሌት ያድራሉ። ከደጋ የመጡ የአብነት ተማሪዎችም ያለ አጎበር በየጎጆአቸው ይተኛሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡን እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የሚከተሉትን እንዲፈጽም በአክብሮት እናሳስባለን።

1. ተማሪዎቹን መዝግቦ ከመስከረም በፊት ስለ አጎበር ከጤና ኬላው ጋር ይነጋገር።

2. በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑና በአካባቢው የተጠራቀመ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ይፍሰስ፤ ጉድጓዱም ይደፈን። እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ ሳምንታዊው ሥራ ዑደቱን ይቆርጠዋል።

3. ለማኅሌት የሚቆም ሁሉ እጅና እግሩን ይሸፍን።

4. ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

አባቶቻችን ጸበል ለሚጠመቁ ሕሙማን የታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ ቢመክሩ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናልና።