ፈርጡ ከመንዝ፣ ብረቱስ?

ከመንዝ ግሼ ተራሮች የወጣ ኦፓል አግኝታችሁ ቀለበት ልታሠሩበት አስባችኋል እንበል። ወርቅ ቤት ስትገቡ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «በምን ይሠራ?» የሚለው ነው። ነጭ ከወደዳችሁ ምርጫችሁ ብር፣ ነጭ ወርቅ ወይም ፕላቲነም ነው። አዲስ ሲሆኑ ሦስቱም ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ በዋጋና በጠባይ ግን በጣም ይራራቃሉ።

ፕላቲነም ምን ዓይነት ብረት ነው?

በምድር ላይ እጅግ ጥቂት ከሚገኙት ብረቶች አንዱ ነው። እኛም አገር አለ፤ በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ይታወቃል።

የመጀመሪያው መለያው ክብደቱ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ፕላቲነም 21.4 ግራም ሲመዝን፣ ያው መጠን ያለው ብር 10.5 ግራም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አየርም ላብም አያጠቁረውም። ሦስተኛ፣ ይጫራል እንጂ ቶሎ አያልቅም፤ ስለዚህ ፈርጡን የያዙት ጥርሶች በቀላሉ አይሳሱም።

ነጭ ወርቅስ?

ነጭ ወርቅ ወርቅ ከፓላዲየም ወይም ከኒኬል ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። መስታወት የሚመስለው ንጣቱ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ከተለበጠው ሮዲየም የሚመጣ ነው። ሮዲየምም የፕላቲነም ዘመድ የሆነ ብርቅ ብረት ነው። ልባጡ በአጠቃቀም ሲያልቅ ከሥሩ ቢጫ ቢጤ ብቅ ቢል «ተታለልን» ብላችሁ አትደንግጡ፤ እንደገና ይለበጣል። ቆዳችሁ በኒኬል የሚያሳክክ ከሆነ ግን ሳትገዙ ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት

በቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል የተመታውን ቁጥር እዩ። ለፕላቲነም የተለመደው 950 ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 950ው ፕላቲነም ነው ማለት ነው። 750 የ18 ካራት ወርቅ፣ 925 ደግሞ የብር ምልክት ነው። ቁጥር ብቻውን ዋስትና ስለማይሆን ቀለበቱን አስመዝኑ፤ የብረቱ ዓይነትና ግራሙም በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

ኦፓሉን ከእሳት ጠብቁ

ትልቁ ጥንቃቄ ግን ከገዛችሁ በኋላ ነው። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀልጥ፣ ፕላቲነም እስከ 1768 ይጠብቃል። ስለዚህ ወርቅ የሚያቀልጥ እሳት ሁሉ አይበቃውም፤ ሠሪው በፕላቲነም የሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ኦፓል ደግሞ በውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ነው፤ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። የመንዙ ኦፓል ያለ እሳትም ሲደርቅ ሊሰነጠቅ የሚችል በመሆኑ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እናም ቀለበቱ ጠቦ ለማስፋት ስትወስዱት፣ እሳት ሳይነካው ፈርጡ እንዲወጣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ብረቱ ቢበላሽ ቀልጦ እንደገና ይሠራል፤ የተሰነጠቀ ኦፓል ግን አይመለስም።