ከማዋለጃ ክፍል የሚጀምር ሙያ

በኢትዮጵያ የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ተማሪ፣ የጠቅላላ ሐኪምነት ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ፣ ሬዚደንሲ የሚባለውንና በዚህ ዘርፍ 4 ዓመት የሚፈጀውን ሥልጠና መውሰድ ይኖርበታል። ዝንባሌው የሚፈተነው ግን ቀደም ብሎ፣ ኢንተርን ማለትም በነባር ሐኪሞች ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ተለማማጅ ሆኖ ማዋለጃ ክፍል ሲመደብ ነው።

በዚያም ፒናርድ የተባለውን ቀንድ መሰል ማዳመጫ በእናቲቱ ሆድ ላይ አሳርፎ የጽንሱን የልብ ትርታ ይቆጥራል፤ ጤናማው መጠን በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የማሕፀን አንገትም 10 ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት ድረስ በየ4 ሰዓቱ ገደማ እየመረመረ፣ ፓርቶግራም በተሰኘው የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ ያሰፍራል። ቅጹ ተራ ወረቀት ቢመስልም (ሌሊት ለደከመው ተለማማጅ አሰልቺ መሆኑም አይካድም)፣ ምጡ መጓተቱን በጊዜ የሚያስታውቀውና ቀዶ ሕክምና እንዲታሰብ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ሳይታከም የቆየ የተጓተተ ምጥ ፊስቱላን፣ ማለትም ሽንት ያለፈቃድ የሚፈስበትን ቀዳዳ ሊያስከትል ይችላል። የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጅናልድ ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት ይህንኑ ጉዳት ለማከም ነበር።