ፈንገስን በወገኑ ለይቶ ማወቅ

ፈንገስ እንደ ተክል ምግቡን በፀሐይ ብርሃን አያዘጋጅም። በቀጫጭን ክሮቹ ከሕያው ወይም ከሞተ አካል እየመጠጠ ይኖራል፤ እንደ አቧራ በደቀቁ ስፖሮችም ይራባል። ስፖሩ የት እንደሚቆይና በምን እንደሚዛመት ካልታወቀ ለመድኃኒት የወጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።

1. ባለ ከረጢት ፈንገሶች፦ በዓይነት ብዛት ከሁሉ ይበልጣሉ። እርሾ ከነዚህ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታም የዚሁ ወገን ሲሆን፣ በዝናብ ጠብታ እየተዛመተ አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁራል። ዋናው መከላከያ በጅማ ምርምር የተመረጡትን ተቋቋሚ ዝርያዎች መትከል ነው።

2. ባለ ዱላ ፈንገሶች፦ እንጉዳይ፣ ዋግና አረማሞ ናቸው። የስንዴ ዋግ በሕያው ተክል ላይ ብቻ ያድጋል፤ ስፖሩን ነፋስ ከሩቅ ያመጣዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ዲጋሉ የተባለው ስንዴ በአዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ስለተመታ፣ በአንድ ዝርያ ብቻ መተማመን አይገባም። ሽፍኑ የገብስ አረማሞ ግን በዘሩ ላይ ተጣብቆ ስለሚተላለፍ ዘሩን በመድኃኒት ማሸት ይከላከለዋል።

3. የዳቦ ሻጋታ ወገን፦ የቆሰለ ስኳር ድንችና ፍራፍሬ በማከማቻ ያበሰብሳል። ምርቱን ሳያቆስሉ መሰብሰብ ይጠቅማል።

4. የውሃ ሻጋታ፦ የድንች ምች ከዚህ ነው። ቀድሞ ፈንገስ ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ለአልጌ የቀረበ ሌላ ወገን መሆኑ ታውቋል። ስፖሩ በውሃ ይዋኛል፤ ስለዚህ ዝናብና ብርድ ሲበረታ በጥቂት ቀናት ማሳ ያጠፋል። ለእውነተኛ ፈንገስ የሚሠራ መድኃኒት ሁሉ አይፈውሰውም።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማኅበሩ መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት የታመመውን ተክል ናሙና አስመርምሮ ወገኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።