ጎልማሳው ተማሪ ካምፓስ ሲገባ፦ ለማስተርስ ለምትሄዱ ጠቃሚ ምክር



ሰሞኑን ወደ ትምህርት ቤታችን ጎራ የሚሉ እናቶችና አባቶች የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። "መምህር፣ ለማስተርስ ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ግን አርባን አልፌያለሁ። በልጆቼ እድሜ ካሉት ጋር እንዴት ነው ቁጭ ብዬ የምማረው?" ይሉናል። ተቀባይነት ያገኙም አሉ፤ ደብዳቤውን በእጃቸው ይዘው ቀኑ በደረሰ ቁጥር ሆዳቸው የሚባባ።

መልሳችን ይህ ነው፦ ጎልማሳን ትምህርቱ አይጥለውም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሙቀት መቶ ልጅ በአንድ ክፍል ያስተማረ ሰው መጽሐፍ አይከብደውም። የሚጥለው ትንሹ ነገር ነው። ያልገጠመ ስም፣ ያለፈ ቀን፣ በጊዜ ያልተከፈለ ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "ምን ይሉኛል" ብሎ አለመጠየቅ። የአንድ ሰው የማስተርስ ዕድል እዚህ ካኩማ ውስጥ የመላው ቤተሰብ ዕድል ነው፤ ባክኖ ከቀረ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ከእኛ ቀድመው ከሄዱት የሰማነውንና እኛም የምናውቀውን እነሆ ብለናል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍነው፤ የኛ ሲሆን "ዓ.ም." ብለናል።

ገንዘቡ ከየት ነው?

ብዙ ሰው "ዳፊ ይመጣልኛል" ብሎ ዓመት ይጠብቃል። ዳፊ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ተጀምሮ በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በኩል ከ1992 ጀምሮ የሚሰጥ ስኮላርሽፕ ነው። ነገር ግን በዋናነት የታሰበው ለወጣቶችና ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የአርባ ዓመት ሰው ለማስተርስ እሱን ብቻ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ የለበትም። ለማስተርስ ተብሎ የወጣውን ማስታወቂያ ፈልጉ፤ የእድሜውንም መስመር በደንብ አንብቡ።

ከካምፕ ሳይወጡም መማር እንደሚቻል አትርሱ። ዳዳብ ላይ ከ2013 ጀምሮ የካናዳዎቹ ዮርክና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲዎች ከኬንያታና ከሞይ ዩኒቨርስቲዎች ጋር ሆነው የካምፕ መምህራንን እዚያው አስተምረዋል። በሰርተፊኬት ጀምረው ዲግሪ የያዙ፣ ከዚያም ማስተርስ የቀጠሉ መምህራን አሉ። እነሱም እንደኛው በኢንሴንቲቭ የሚያስተምሩ፣ ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ስኮላርሽፕ ካገኛችሁ አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የሚሸፍነው ምን ምኑን ነው? የትምህርት ክፍያ ብቻ ነው ወይስ ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ኮምፒዩተርም አለበት? የመጀመሪያው ገንዘብ መቼ ይገባል? ብዙ ጊዜ ይዘገያልና ቢያንስ ለሁለት ወር የሚሆን መጠባበቂያ በኤምፔሳ ላይ ይኑራችሁ። እቁብ የምትጥሉ ከሆነ ከሰብሳቢውና ከአባላቱ ጋር ተነጋግራችሁ ዕጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እንዲሆን አድርጉ። ለዚህ ካልሆነ ታዲያ እቁብ ለምን ነው?

ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት

አንደኛ፣ ስም። የኛ ሰው "ሰርኔም" የሚባል የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። ፎርም ስትሞሉ በስደተኛ መታወቂያችሁ ላይ ያለውን ቅደም ተከተልና ስፔሊንግ ሳትለውጡ ጻፉ። ዲፕሎማው ላይ በአንድ ፊደል፣ መታወቂያው ላይ በሌላ ከሆነ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ አፊዳቪት በሕግ ባለሙያ ፊት ማለህ ታስፈርማለህ። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ። ምዝገባ ቀን ወረፋ ላይ ቆሞ ስም ማስተካከል አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ቀን። ከአገር ቤት የመጣ ሰርተፊኬት ላይ ያለው ዓመት የኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 1990 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በፈረንጅ ጁላይ 1998 ነው፤ ስምንት ይጨመራል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ግን የሚጨመረው ሰባት ነው፤ ጥቅምት 1970 ዓ.ም. የተወለደ በፈረንጅ ኦክቶበር 1977 ይሆናል። አንዱን ፎርም በኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ ከሞላችሁ "ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው" ትባላላችሁ።

ሦስተኛ፣ የዲግሪው እውቅና። ከኬንያ ውጭ የተገኘ ዲግሪ እኩልነቱ እዚህ መረጋገጥ አለበት። በ2012 የዩኒቨርስቲዎች ሕግ የተቋቋመው የዩኒቨርስቲ ትምህርት ኮሚሽን አለ፤ በ2014 ሕግ የተቋቋመ ብሔራዊ የብቃት ማረጋገጫ ባለሥልጣንም አለ። ዩኒቨርስቲያችሁ የየትኛውን ደብዳቤ እንደሚቀበል የቅበላ ጽሕፈት ቤቱን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ጊዜ ስለሚወስድ በቶሎ ጀምሩት።

ዋናው ሰነድ አገር ቤት ቀርቶባችሁ ከሆነ ወደ ኤምባሲ ከመሮጣችሁ በፊት የሕግ ምክር ጠይቁ። ስደተኛ ከአገሩ መንግሥት ጋር የሚያደርገው ግንኙነት የስደተኝነት ጉዳዩን ሊነካበት ይችላል። ለሰነድ ተብሎ ጥበቃ አይጣልም።

ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ዝናብና ምስጥ ኢሜይል አይበላም።

ከካምፕ ስትወጡ

የ2006ቱ የስደተኞች ሕግ ቀርቶ በ2021 የወጣው ሕግ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ካምፕን ለቆ ለመሄድ ፈቃድ የሚሰጠው የስደተኞች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። የቅበላ ደብዳቤያችሁን ኦሪጅናሉንና ኮፒውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የትምህርቱ ጊዜ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርስቲው ብታገኙ ደግሞ የተሻለ ነው። ሙቭመንት ፓሱ ቀን ይቆረጥለታል። የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡና ሳያልቅ አሳድሱ። ከሎድዋር እስከ ኪታሌ ባለው መንገድ ፖሊስ ፍተሻ ላይ "አላወቅሁም ነበር" ማለት አያዋጣም።

ቀጥሎ ቤተሰብ። ራሽን የምታነሱት እናንተ ከሆናችሁ አሻራው የእናንተ ነው፤ እናንተ ሳትኖሩ ልጆቹ ጦም ያድራሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ተለዋጭ ተቀባይ አስመዝግቡ። ቆጠራ ሲመጣ በትምህርት ምክንያት እንደሌላችሁ የሚያሳይ ደብዳቤ እቤት ተዉ። በ2025 የምግብ እርዳታው ተቀንሶ ቤተሰቦች በምድብ ከተከፋፈሉ ወዲህ የአንድ ሰው ኢንሴንቲቭ መቅረት ምን ያህል እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከባለቤታችሁና ከትልልቆቹ ልጆች ጋር ቁጭ ብላችሁ የወሩን ወጪ በወረቀት አውጡት። የሚቀረው ሰው ሳይስማማ የሄደ ተማሪ ልቡ ሁለት ቦታ ስለሚሆን አይማርም።

ልጅ ላላችሁ እናቶች ደግሞ፦ አብዛኛው የካምፓስ ሆስቴል ሕፃን አያስገባም። ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከካምፓስ ውጭ ቤድሲተር የሚባለውን አንድ ክፍል ቤት ፈልጉ። አከራዩ የመጀመሪያውን ወር ከነመያዣው ይጠይቃል፤ ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ በስልክ ብር አትላኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ብርድ ልብስና ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ኤልዶሬት ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ካኩማን ያቃጠለው ፀሐይ እዚያ የለም። ሚቱምባ ገበያ ኮት በርካሽ ይገኛል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። በስዋሂሊ "ሳአ ምቢሊ" ሲባል እንደኛው ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። የትምህርት ፕሮግራሙ ግን በእንግሊዝኛ ሰዓት ነው የሚለጠፈው። ሰሌዳው ላይ 8 ካለ የኛ ጧት 2 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 2 ካለ የኛ 8 ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በዚህ ምክንያት ያጣ ሰው ብዙ ነው።

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ እነዚህን ጨርሱ፦ ምዝገባ፣ የተማሪ ቁጥርና መታወቂያ፣ የዩኒቨርስቲው ኢሜይል፣ ፖርታሉ ላይ የምትወስዷቸውን ዩኒቶች ማስመዝገብ፣ የቤተ መጻሕፍት ካርድ። በየወሩ ደግሞ ፖርታሉ ላይ የክፍያ መግለጫችሁን እዩ። ስፖንሰሩ ዘግይቶ ቢከፍል ስሙ የሚጠራው የስፖንሰሩ አይደለም፣ የተማሪው ነው፤ ክፍያው ካልተጣራ የፈተና ካርድ ላይወጣላችሁ ይችላል። የፈተናው ሳምንት ሳይደርስ ለስፖንሰሩም ለፋይናንስ ቢሮውም ጻፉ።

ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ላይብረሪያኗን "እህት፣ ከቤት ሆኜ መጽሔቶችን የማነበው እንዴት ነው?" በሏት። አብዛኛው ዩኒቨርስቲ የገዛቸው የጥናት መጽሔቶች በተማሪው የይለፍ ቃል ከየትም ይከፈታሉ። ለእረፍት ወደ ካምፕ ስትመለሱ ይጠቅማችኋል።

ክፍል ውስጥ

አስተማሪው ከእናንተ በአሥር ዓመት ሊያንስ ይችላል። "ዶክተር" በሉት፤ እሱም ያከብራችኋል። ወጣቶቹ "ማማ" ወይም "ምዜ" ቢሏችሁ አትቀየሙ፤ አክብሮት ነው። እንዲያውም በፕሮጀክተሩና በኮምፒዩተሩ እነሱ ይርዷችሁ፣ በማስተማር ልምዱ እናንተ እርዷቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ የጥናት ቡድን ሳይኖረው ማስተርስ የጨረሰ ጎልማሳ ጥቂት ነው።

ዓይናችሁን አስመርመሩ። ከአርባ በኋላ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ያስቸግራል፤ "ትምህርቱ ከበደኝ" የሚል ሰው አንዳንዴ የቸገረው መነጽር ነው።

በሴሚስተሩ መካከል "ካት" የሚባል ፈተና ይሰጣል፤ ውጤቱ ከመጨረሻው ፈተና ጋር ይደመራል። ካት ያመለጠው ሰው የቱንም ያህል ቢያጠና ጎዶሎ ይዞ ነው ፈተና የሚገባው።

ስለ አጻጻፍ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በኛ ጊዜ በማሠልጠኛ ኮሌጅ የመጽሐፉን ቃል በቃል መጻፍ ጉብዝና ነበር። በማስተርስ ግን የሰው ሐሳብ ያለ ምንጩ መጻፍ እንደ ስርቆት ነው የሚቆጠረው። ተርኒቲን የሚባል ፕሮግራም ጽሑፋችሁን ከሌላው ጋር ያመሳክራል። ካነበባችሁት ላይ ማስታወሻ ስትይዙ የደራሲውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን አብራችሁ ጻፉ። ማሽን ጽፎ የሰጣችሁንም የራሴ ነው ብላችሁ አታቅርቡ።

ጥናታችሁን ካምፕ ላይ ልትሠሩ ካሰባችሁ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ናኮስቲ ከተባለው፣ በ2013 ሕግ ከተቋቋመው የሳይንስ ኮሚሽን የጥናት ፈቃድ ይወጣል። ካምፕ ውስጥ ለመሥራት ደግሞ የስደተኞች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጎረቤቴን ነው የማነጋግረው ተብሎ አይታለፍም። አማካሪያችሁን በወር አንድ ጊዜ፣ ሥራ ባይኖራችሁም እንኳ፣ ሄዳችሁ እዩ። የተደበቀ ተማሪ ይረሳል።

ሲከብድ

እናት ትታመማለች፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይባረራል፣ ገንዘብ ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ መጥፋት የከፋው ምርጫ ነው። ዩኒቨርስቲዎች "ዲፈርመንት" የሚሉት አሠራር አላቸው፤ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ስታመለክቱ ትምህርቱን ለተወሰነ ጊዜ አቆይተው ቦታችሁን ይጠብቁላችኋል። ሳያመለክት የጠፋ ግን እንደተወ ይቆጠራል። ለጤናም ቢሆን የካምፓሱ ክሊኒክ ምን እንደሚሸፍን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። የድሮው ኤን.ኤች.አይ.ኤፍ. በጥቅምት 2024 በኤስ.ኤች.ኤ. ተተክቷል፤ የቆየ ካርድ ይዛችሁ አትመኑ።

ወገኖቻችን፣ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ? ያው ነው። ትልቅ ሰው መጠየቅ የሚያፍረው ክብሩን የሚያጣ እየመሰለው ነው። ክብር የሚያሳጣው ግን ጨርሶ መመለስ ሲቻል በአንድ ወረቀት ምክንያት ከመንገድ መመለስ ነው። ዘንድሮ የምታመለክቱ ሁሉ ሰነዳችሁን ይዛችሁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ መምህራን ክፍል ብቅ በሉ፤ ፎርሙን አብረን እንሞላለን። ቀድማችሁ የሄዳችሁም ለእረፍት ስትመጡ ያያችሁትን ንገሩን፤ ለሚቀጥሉት እናስተላልፋለን።

መልካም የትምህርት ዘመን። በቸር ይግጠመን።