የቀሩትን ጠይቀን ስለሄዱት እንጽፋለን

አንድ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ለማከፋፈል በተቀመጥንበት ኮሚቴ ውስጥ የወደቀ አንድ ፕሮፖዛል እስካሁን ይቆጨኛል። አቅራቢዋ ወጣት መምህርት ናት። ልታጠና የፈለገችው አዋላጅ ነርሶች በአንድ ዞን ጤና ጣቢያዎች ከተቀጠሩ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆዩ፣ መቼ እንደሚለቁና ወዴት እንደሚሄዱ ነው። መጠይቅ ይዛ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ መዞር አላሰበችም። ከየወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሰባት ዓመት ፔሮል በየወሩ ትገለብጣለች፣ ከሰው ሀብት ክፍሉ የግል ማህደር ጋር ታመሳክራለች፣ የለቀቁትን ደግሞ በስልክ ፈልጋ ታነጋግራለች። የጠየቀችው ገንዘብ በዚያ ዙር ከቀረቡት ሁሉ ያነሰ ነበር።

«የራሱን መረጃ ከመስክ አይሰበስብም» ተብሎ ዘዴው ላይ ነጥብ ተቀነሰ። «የበጀት ዓመቱን ያልፋል» ተብሎ የጊዜ ሰሌዳው ላይ ተቀነሰ። የፋይናንስ ተወካዩ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ ከሌለ ገንዘቡ በምን እንደሚወራረድ ጠየቁ። ተከራከርኩ፤ ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፍኩ። በምትኩ ያለፈው የዚያው ዞን «የጤና ባለሙያዎች ሥራ የመልቀቅ ፍላጎትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ነው። የናሙናው ብዛት 423።

ሙያችን ውስጥ ያለ ሰው 423ን ሲያይ የቀረውን ሳያነብ ያውቀዋል። ሃምሳ በመቶ ይገመታል፣ 384 ይወጣል፣ መልስ ለማይሰጡት አሥር በመቶ ይጨመራል። ከዚያ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የደመወዝ እርካታ፣ የአለቃ ድጋፍ፤ በመጨረሻም ሎጂስቲክ ሪግሬሽን። ከመቶ ይህን ያህሉ መልቀቅ ይፈልጋሉ፣ በደመወዛቸው ያልረኩት ደግሞ የበለጠ ይፈልጋሉ ተብሎ ይደመደማል። ምክረ ሐሳቡም የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ ነው። የዞኑ ስም እየተለወጠ ይህንኑ ጥናት ስገመግም ኖሬያለሁ፤ ደክሞኛል።

ሰው «እለቃለሁ» ማለቱና መልቀቁ አንድ ነገር ተደርጎ መወሰዱ ነው ችግሩ። መጠይቅ ላይ «በሚቀጥለው ዓመት ሥራዬን ለመልቀቅ አስባለሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ፊት «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ምሬት መግለጫ ነው። ነርሷ የሦስት ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልደረሳትም፤ ጠያቂው ከዩኒቨርሲቲ መጥቷል፤ የሚሰማት ሰው ስታገኝ ተናገረች። ልጆቿ እዚያው ከተማ ይማራሉ፣ ባሏ እዚያው መምህር ነው፤ የትም አትሄድም። በእርግጥ ሊሄድ የቆረጠው ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። መልቀቂያውንና ክሊራንሱን የሚፈርሙለት አለቆቹ ናቸው፤ ወሬው ቀድሞ ከደረሰባቸው ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። ስለዚህ «አልስማማም» ብሎ ይሞላል፣ የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል፣ በዚያው ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ግን የለቀቀው ሰው ናሙናው ውስጥ የለም። መጠይቁ የሚሞላው በዕለቱ ሥራ ላይ በተገኘ ሰው ነው። አውቶቡሱ ሄዶ መናኸሪያ የቀረውን ሰው ተሳፋሪዎቹ ለምን እንደሄዱ እንደ መጠየቅ ነው። የተረፉትን ብቻ መመርመር መልሱን እንደሚያዛባ የሕክምና ተማሪ ሳለን ተምረነዋል፤ ስለ ራሳችን ባለሙያዎች ስናጠና ግን የተማርነው ይረሳናል።

አንድ የጤና ጣቢያ ፔሮል በእጄ ይዤ አይቻለሁ። የአዋላጅ መደቡ ሦስት ነው፤ የሰኔውን ገጽ ብቻ ብታይ ሦስት ስም አለ። ጤና ጣቢያው ሙሉ ነው ያሰኛል፤ በዓመት አንዴ ተቆጥሮ ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርትም ይህንኑ ይላል። ገጾቹን አንድ በአንድ ስትገልጥ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ጥር ወር የነበረው ስም መጋቢት ላይ የለም። ግንቦት ላይ በመነሻ ደመወዝ አዲስ ስም ይገባል፤ ጥቅምት ላይ እሱም ይወጣል። አንደኛዋ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እዚያው ናት። በሁለተኛዋ መደብ ላይ ሰዎች ሲመላለሱ እናቶች በየጥቂት ወሩ የማያውቁት እጅ ላይ ይወልዳሉ፤ ቆጠራው ግን ይህን ፈጽሞ አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ የሚለው መለኪያም በዕለቱ ያለውን ሰው ይቆጥራል እንጂ ሲገባና ሲወጣ የሚውለውን አይቆጥርም።

ልዩነቱ ውሳኔው ላይ ነው የሚመጣው። ሰዎቹ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቁ ከሆነ ጥያቄው የመኖሪያ ቤትና የአቀባበል ነው። የአገልግሎት ግዴታቸውን በጨረሱ ወር የሚለቁ ከሆነ ቀድሞውንም ያቆያቸው ግዴታው ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ቤት ብትሠራላቸውም ላይቆዩ ይችላሉ። ወደ ዞኑ ከተማ የሚዛወሩ ከሆነ ደግሞ አገሪቱ ያጣችው ሰው የለም፤ ወረዳው ግን አጥቷል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። የ«ፍላጎት» ጥናት ሦስቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ «ደመወዝ» ይላል። ደመወዙ አነስተኛ መሆኑን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለሙያዎቹ ሥራ አቁመው ለሁሉም ሰው ተናግረውታል። ያን ሰሞን ስንት ሐኪም ከአገር ወጣ ተብሎ በሰማሁት ክርክር ሁሉ ግን የሚጠቀሰው ቁጥር ግምት ነበር።

እነዚህን ጥናቶች የሚያቀርቡትን መምህራን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ጥያቄውን የሚቀርጸው ገንዘቡ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥሪው መስከረም አልፎ ይወጣል፤ ግምገማው፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱና ውሉ እስኪያልቅ የካቲት ይገባል፤ ገንዘቡ መጋቢት ላይ ቢለቀቅ ጥሩ ነው። ሂሳቡ ከሰኔ በፊት መወራረድ አለበት። በሦስት ወር ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ደረሰኙም የማያከራክር ምን አለ? አሥር መረጃ ሰብሳቢ፣ ሁለት ሱፐርቫይዘር፣ ውሎ አበል፣ ነዳጅ። ሰው ተከትሎ ሦስት ዓመት መቆየት በዚህ አሠራር አይቻልም።

መከታተል የማንችል አገር ሆነን ግን አይደለም። በቡታጅራ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት ተመዝግቧል፤ ዳባት፣ ግልገል ጊቤና ቀርሳም ተከትለዋል። የገበሬውን ቤተሰብ ለዓመታት የተከተልን ሰዎች ደመወዝ የምንከፍላትን ነርስ መከተል አቃተን።

ለዓመታት አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች በዕጣ ሲመደቡ መንግሥት ሳያስበው ማንም ተመራማሪ የሚመኘውን ሙከራ ሠርቶልን ነበር፤ ማን የት እንደሚሄድ የወሰነው ዕድል ነውና። ይህን ተጠቅመው የሐኪሞቻችንን የሥራ ሕይወት የመረመሩት ዮስት ደ ላትና ዊልያም ጃክ የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ናቸው። ያው ጃክ ከካራ ሀንሰን ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሌላ ጥናት የእኛን ሐኪሞችና ነርሶች «ትለቃለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ይህን ደመወዝ ከዚህ ቤት፣ ይህን ቦታ ከዚህ መሣሪያ ጋር እያማረጠ አስመረጣቸው። ነርሶቹን ወደ ገጠር ለመሳብ ከደመወዝ ውጪ ካሉት ነገሮች ዋናው መድኃኒትና መሣሪያ መገኘቱ ሆኖ ተገኘ። ይህም ቢሆን የተናገሩት ምርጫ እንጂ ያደረጉት አይደለም፤ ቢያንስ ግን አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዲተዉ አስገድዷቸዋል። የታይላንድ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ስለ ሐኪሞቻቸው ሥርጭት የአርባ ዓመት ልምድ ሲጽፉ ደግሞ የትኛው እርምጃ በስንተኛው ዓመት ሐኪሞቹን ወዴት እንዳንቀሳቀሰ ማሳየት የቻሉት መዝገብ ስለያዙ ነው።

ባልደረቦቼ የሚመልሱልኝ «የእኛ መዝገብ ቆሻሻ ነው» እያሉ ነው። የሕመምተኛ መዝገብ ከሆነ እስማማለሁ። ፔሮል ግን ገንዘብ ነው፤ በየወሩ ይፈረምበታል፣ ኦዲተር ያየዋል፤ ለቆ የሄደ ሰው ስም ሲከፈልበት ቢገኝ የሚጠየቅ አለ። ከመንግሥት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ ለጡረታ በየወሩ ይቆረጣል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ አለ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ደግሞ ሰውየው ከጤና ጣቢያ ወደ ግል ሆስፒታል ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ስምን በኮድ ተክቶ እነዚህን መዝገቦች ማገናኘት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊቆጣጠረው የሚችል ሥራ ነው። ለምን እንደ ለቀቁ ፔሮሉ አይናገርም፤ እውነት ነው። ለዚህ ነው ያቺ መምህርት ስልክ መደወል የፈለገችው። የለቀቀ ሰው መልቀቂያውን የሚይዝበት አለቃ ስለሌለበት እውነቱን ይናገራል።

ለመጪው ዙር ሦስት ለውጦች በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። በነጥብ መስጫው ቅጽ ላይ «የራሱን መረጃ ከመስክ የሚሰበስብ» የሚለው መስፈርት «ለጥያቄው የሚመጥን መረጃ የሚጠቀም» በሚል ይተካ። የሰው ኃይል ጥናት ውል ለሦስት የበጀት ዓመታት ተፈርሞ ገንዘቡ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይለቀቅ፤ መንገድና ሕንፃ ከአንድ የበጀት ዓመት በላይ በሚዘልቅ ውል እየተሠራ ለጥናት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። መልቀቅን የሚያጠና ማንኛውም ፕሮፖዛል የለቀቁ ሰዎችን የሚያገኝበትን መንገድ ካላሳየ ደግሞ ወደ ውድድሩ አይግባ። ለመምህርቷም ፕሮፖዛሉን ሳታሳጥር፣ መጠይቅም ሳትጨምርበት መልሳ እንድታስገባ ነግሬያታለሁ።